ከሥር

መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነበርኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ከግሪምስቢ እስከ ግላስጎ፣ በዝናብ፣ በጭጋግ፣ በውርጭ ሌሊት።
ስለዚህ ስለ ክላይቭ ኦርመሮድ ብጠየቅ
የማውቀው በመስታወት ነው፤ ከኋላ ወንበር ሲያንጎላጅ፣ ሲስቅ፣
ጣቱን ጉልበቱ ላይ ሲያንኳኳ፣ አንዲት ቃል አጥቶ ሲጨነቅ።

አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ባሕር፣ ሦስት ቀን ቤት፤
አንድ ጥር ወደ አይስላንድ ሄደ፤ መርከቧም እሱም ቀሩ በዚያው ሌሊት።
ልጁ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከሰፈር ልጆች ጋር ባንድ ሲያቆም
መሪ ጊታሩን ኔቪል ወሰደ፣ ከበሮውን ታፕሊን፤ የተረፈ አልነበረም
አራት ወፍራም ክር ካላት፣ ማንም ካልፈለጋት ቤዝ በቀር።
«ለኔ ትሁን» አለ፣ የወንድሙን ኮት እንደሚለብስ ታናሽ ልጅ፣ ሳያማርር።

ቤዝ ምን ታደርጋለች ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦
ሲኖር የማይሰማ፣ ሲጠፋ ግን ቤቱን የሚያናጋው።
ሰው የሚያየው ቅጠሉን ነው፤ ፉጨቱን፣ ብልጭታውን፣ ጸጉሩን፤
ማን ጎንበስ ብሎ ያያል ከሥር ያለውን ሥሩን?

ዘፈኑን የሚጽፈው ግን እሱ ነበር፤
በሲጋራ ፓኬት፣ በነዳጅ ደረሰኝ፣ ባገኘው ሁሉ ይሞነጭር።
አንዴ ወደ ካርላይል ስንሄድ መንገድ የሳትነው
ካርታዬ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ሁለት ስንኝ ጽፎበት ነው።
ሌላው ቤት ሲሠራ፣ እሱ ቤት ሲመታ፣
ዕድሜው አለፈ በኪራይ ክፍል፣ ከዓሣ መጥበሻ በላይ፣ በዘይት ሽታ።

መብራት በፈረቃ በሆነበት፣ በዚያ በሰባ አራቱ ክረምት፣
በሻማ ጻፋት አንዷን፣ ሞሪን አጠገቡ ተኝታ፣ አንድ ሌሊት።
«መብራቱን አታጥፊው፣ መንገድ ላይ ነኝ» የምትል፤
ለእናቱ መስኮት ነበረች፤ ለፍቅረኛ አይደለም፣ ሰው እንደሚል።
ሸክላው ታትሞ ሲመጣ፣ ከርዕሷ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ የኔቪል ስም።
ክላይቭ አገላብጦ አየው። መነጽሩን ጠረገ። ምንም አላለም።
የተናደድኩት እኔ ነኝ። «ተናገር እንጂ!» አልኩት፣ ነዳጅ ስቀዳ፤
«ታፕሊን ሦስት ልጅ አለው፤ ባንዱ ቢፈርስ ማን ይከፍላል የሱን ዕዳ?»

ከዚያማ ሀምቡርግ፣ ሊዬዥ፣ ማልሞ፤ ስም ይምታታብኛል፤
ብርዱን ግን አልረሳም፤ እሱ ማጉያውን አዝሎ ደረጃ ሲወጣ ዛሬም ይታየኛል።
አዳራሹ ጠበበ፤ ሦስት ሺው ሦስት መቶ ሆነ፣ ከዚያ የመጠጥ ቤት ጥግ፤
ኔቪል ስፔን ገባ፣ ዘፈኗ በገዛችለት ቪላ፤ ታፕሊንን ቀበርነው በጭጋግ።
አስከሬኑ ሲወጣ ያቺው ዘፈን ተከፈተች፤ ቄሱ «የኔቪል ድርሰት» አሉ፤
ክላይቭ ከሣጥኑ ሥር ነበር፣ ትከሻውን ሰጥቶ፣ እንደ አመሉ።

ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል አብጠው ሲቋጠሩ
ሐኪሟ «በቃህ» አለችው። ቀጠለ፤
ዝግ ያለ ዘፈን ጻፈ፤ ሁለቱ ጣት ለአራቱ እየሠሩ።

ባለፈው ኅዳር፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ወተትና ድንች ይዘን፣
ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት፣ ስታንጎራጉር ሰማን፦
«መብራቱን አጥፊው…»
ክላይቭ ቆመ። አሁን ይናገራል አልኩ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ አሁን ነው።
ድንቹን ወደ እሷ ገፋ አደረገና፦
«ልጄ፣ አጥፊው አይደለም፤ አታጥፊው ነው። ሰውየው አልገባም ገና።»
«ማን ነገረዎት?» አለችው፣ እየሳቀች።
«ሰምቼ ነው።» እሷም አርማ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።
ሳንቲሙን ቆጠረላት፣ ቀስ ብሎ፣ በዚያ በተቋጠረ ጣት፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።